ለድስት የተላከ ሽማግሌ

«ይቅር ይበሉት፣ እሜቴ!» አሉ ቄስ ሞገስ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው።

«ምኑን ነው ይቅር የምለው?» አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

«ያጠፋውን ነዋ!»

«ምንም አላጠፋም እኮ፣ አባታችን።»

«እሱ የእርስዎ ደግነት ነው። ምንም ያላጠፋ ልጅ ድስት ያጥባል?»

«ሥራው ነው!»

«የልጄ ሥራ ትምህርት ነው፤» አሉ አባቴ ከቄሱ ኋላ። «እኛ አልቅሰን የሸኘነው ለትምህርት ነው።»

«ድስቱ እኮ ነው ትምህርቱ!»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሦስተኛው አያ ጥጋቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሴትዮዋን ክፉኛ ነው ያስቀየምካት መሰለኝ» አሉኝ።

ቦታው ቡይት ራስ ነው፤ ከደባርቅ በላይ ያለ ሎጅ፣ የምግብ አዳራሹ ውስጥ። እኔ ሽርጥ ታጥቄ፣ ማንቆርቆሪያና ፎጣ ይዤ በመካከላቸው ተገትሬያለሁ። እንዲቀመጡ ለምኜ ለምኜ ደክሞኛል። አይቀመጡም። ለልመና የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ፣ እህል ውሃም እንደማይቀምስ አገር ያወቀው ነው። ወይዘሮ ሰብለ የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ሲቆጡ ቅንድባቸው ይሰበሰባል፣ አሁን ሁለቱ ቅንድቦች አንድ ሆነዋል። ጥግ ላይ ደግሞ መምህሬ ዮናስ እግሩን አነባብሮ፣ በደስታ አንገቱን እየነቀነቀ ይጽፋል። እኔን ሊፈትን ነው የመጣው።

ግራ ገባችሁ? እናንተ ገና አሁን መግባታችሁ ነው። እኔ እዚያው ውስጥ ከርሜያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ፈተና በማለፌ ነው። ሰው በመውደቁ መከራ ያያል፤ እኔ በማለፌ አየሁ። በዳባት ሰፈራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፍኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ እልልታው ለእኔ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎቹ በመውደቃቸው ሳይባል ለቀረው እልልታም ጭምር ሆነ። ሩቅ ደቡብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመደብኩ። አባቴ የከተማውን ስም መጥራት አቅቷቸው «እዚያ ማዶ» ይሉታል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ገጣሚ ደግሞ ሩቅ አገር ይወዳል። ገጣሚ መሆኔን ካልነገርኳችሁ፣ አዎ፣ ራሴን ያስተማርኩ ገጣሚ ነኝ። ይህ ማለት ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላነበበኝም።

ልቤን ያናወጠው ጎረቤታችን ደርሶ ነው። ደርሶ ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ ዲግሪው እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እሱ ባጃጅ ይነዳል። ከባጃጁ ኋላ «መሐንዲሱ» ብሎ አጽፏል። ገበያው መታጠፊያ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉድጓዱ በምን ቢሞላ፣ ውሃው በየት ቢፈስ እንደሚሻል ለተሳፋሪው ያስረዳል። አስረድቶ ሲጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

አንድ ቀን ተሳፍሬ «ደርሶ፣ እኔ ምን ባጠና ይሻላል?» አልኩት።

«መጀመሪያ የሚያሠራህ ፈልግ፤ ከዚያ ተማር» አለኝና ገባን፤ ጉድጓዱ ውስጥ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ደባርቅ ሄጄ አንድ ማስታወቂያ አነበብኩ። አንድ ኮሌጅ ከሎጆች ጋር ተስማምቶ የሆቴል አስተዳደር ዲግሪ ይሰጣል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሎጅ ውስጥ ትሠራለህ፣ አርብና ቅዳሜ ክፍል ትገባለህ፣ ሥራህም እንደ ትምህርት ይቆጠራል፣ ደመወዝም አለው። ደግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር አንድም ውሸት ነው፣ አንድም ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልነበረም። ተመዘገብኩ።

ዋናው ወግ የሚጀምረው ግን ለአባቴ ስነግራቸው ነው። ማጭድ እየሳሉ ነበር።

«አባባ፣ እየሠራሁ የምማርበት ቦታ አገኘሁ። እዚያ ማዶ መሄዴን ልተወው ነው።»

«ማታ ማታ ነው የምትማረው?»

«የለም፣ ቀን ነው።»

«ሥራውስ?»

«እሱም ቀን ነው።»

ማጭዱን አስቀመጡት። «ተማሪ ነህ ሠራተኛ?»

«ሁለቱንም ነኝ።»

«ይኸን ያህል ዘመን ከብት ሳረባ በሬም ላምም የሆነ አላጋጠመኝም።»

«አባባ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የሚያስተምሩኝ አሠሪዎቼ ናቸው። የሚፈትነኝ መምህሩ ነው። መምህሩ የሚፈትነኝ አሠሪዎቼ ባሠሩኝ ነው። አሠሪዎቼ ደግሞ የሚያሠሩኝ መምህሩ ያዘዘውን…» ብዬ ቆምኩ። የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ጠፋኝ። ሲነገረኝ ገብቶኝ ነበር፤ ስናገረው ነው የጠፋኝ።

«ይከፍሉሃል?»

«አዎ።»

«እንድትማር?»

«እንድሠራ።»

«ስትማርስ ማን ይከፍላል?»

«ያን ጊዜም…እንጃ፣ እነሱው ይመስለኛል።»

«መጨረሻው ዲግሪ ነው?»

«ዲግሪ ነው።»

«እንግዲያማ ዩኒቨርሲቲ ነዋ!» ብለው ማጭዳቸውን አነሱ። የእኔ ማብራሪያ ሁሉ ጠፍቶ ከዚያ ቀን ወሬ ሰፈሩ ውስጥ የቀረችው ይህች አንድ ቃል ናት።

ሰፈራችን ተማሪ ሲሸኝ ቀልድ አያውቅም። ድፎ ዳቦ ተደፋ። በሶ ተበጠበጠልኝ፣ ደግሞም በዱቄቱ ተቋጠረልኝ። ድርቆሽ በማዳበሪያ ተሞላ። ቄስ ሞገስ፣ የቤታችን የንስሐ አባት፣ ጸሎት አደረሱ፤ «ከባዕድ አገር ክፉ ሰውረው» ሲሉ እናቴ ተንሰቀሰቀች። ደባርቅ ባዕድ አገር ከሆነ ከዚያ መጥተው እንጨት የሚሸጡልን ሰዎች ሁሉ የውጭ ዜጋ ናቸው።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አጎበር ይዘው መጡ። «ቆላ ነው አሉ፤ ወባው አይጣል ነው። ሳትዘረጋው እንዳትተኛ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው ደባርቅ ነው።»

«አዎ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ቅርብ ቅርቡን እየሄደ ነው ሩቅ የሚደርስ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

እውነቱን ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ለሚያለቅስ ሰው ግን እውነት አይሰማም፤ እንባ ጆሮም ይደፍናል መሰለኝ። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ግን አንድ ነገር ታየ። ሚኒባሱ አፍንጫውን ወደ ሰሜን አዙሮ ቆሟል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከዳባት ወደ ደቡብ፣ ወደ ጎንደር ነው የሚወርደው። ሸኚው ሁሉ ለቅሶውን አቆመ። እፎይ፣ አሁን ሊገባቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አያ ጥጋቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አያ ጥጋቡ በጉብዝናቸው የጭነት መኪና ረዳት ስለነበሩ የመንገድ ክርክር ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የእርሳቸው ነው። «ምን ያስደነግጣችኋል? በዛሪማ አድርጎ በሽሬ ዞሮ ነው የሚሄድ። ርቀት አለው እንጂ መንገዱ ጥሩ ነው» አሉ። ለቅሶው በእጥፍ ቀጠለ፤ ልጁ የሚሄደው ሩቅ ብቻ ሳይሆን ዞሮ ነው!

በመስኮት እጄን እያውለበለብኩ ይህችን ገጠምኩ፦

ሂድ ብለው ሸኙኝ እየረጩ እንባ፤
ደባርቅ ደረስኩኝ ፀሐይ ሳትገባ።

እውነቱን ለመናገር ፀሐይዋ ከአናቴ ላይ ገና ፈቀቅ አላለችም ነበር፤ ቤት እንዲመታ ብዬ ነው።

በሎጁ የመጀመሪያ ሥራዬ እቃ ቤቱ፣ ማለትም እቃ ማጠቢያው ሆነ። የእንጨት ምድጃ ጥላሸት ያጠገባቸውን ትልልቅ ድስቶች በአመድና በአሸዋ መፈተግ። ወይዘሮ ሰብለ «ከእቃ ቤት ያልጀመረ አስተዳዳሪ የሚያስተዳድረውን አያውቅም» ይላሉ። እሺ። አርብ ክፍል ስገባ መምህር ዮናስ «በዚህ ሳምንት ከሥራህ ምን ተማርክ?» ይለኛል። «ድስት» እላለሁ። «ስለ ድስት ምን?» ይለኛል። እንግዲህ ድስት ላይ ምን ይባላል? ገጣሚ ነኝና ጻፍኩ፤ ስለ ጥላሸትና ስለ ሰው ልጅ ሕይወት ሦስት ገጽ። «ስለ ሙቅ ውሃና ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ነበር የጠየቅሁህ» ብሎ መለሰልኝ።

ደግሞ ማን መሆኔም ጠፋኝ። ሎጅ ውስጥ «ተማሪው!» ብለው ይጠሩኛል፤ ሥራ አይችልም ለማለት ነው። ኮሌጅ ውስጥ «ሠራተኞቹ» ይሉናል፤ ትምህርት አይገባቸውም ለማለት ነው። በሁለቱ መካከል በሚኒባስ ስሄድ ብቻ ሰው እሆናለሁ። የእትዬ ብርቄን አጎበር ግን ቃላቸውን አክብሬ ዘርግቻለሁ፤ ቡይት ራስ ላይ ትንኝ ጋቢ ደርባ ካልመጣች በቀር መድረስ አትችልም፣ ቢሆንም የጣራውን አቧራ ይይዝልኛል።

ጥፋቱ የተፈጸመው እሑድ ቀን ነው። ዕረፍቴ ስለሆነ የቆሸሸ ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ ዳባት ወረድኩ። ከመናኸሪያው ስወጣ ያየችኝ የመጀመሪያዋ ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሁለተኛዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ተቀምጧል፤ ከወሬውም ጋር ሰዎች ተቀምጠዋል። ገና አልቅሰው የሸኙት ልጅ ፌስታል ይዞ ከተመለሰ ሌላ ምን ይባላል?

«አይዞሽ» ይሏታል እናቴን። «ልጅ ይወድቃል፣ ይነሣል።»

«ዋናው በሕይወት መመለሱ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ። «ወባው ነው አይደል?»

«አልተባረርኩም! አልታመምኩም! ደባርቅ ነው የምማረው፣ ተናግሬ ነበር! ሳምንት ሳምንት እመጣለሁ!»

«ይማራል እንዴ?» አለች እናቴ ቀና ብላ። «እስቲ ምን ተማርክ፣ ልጄ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አልኩ፤ «ድስት እያጠብኩ ነው።»

ዝንብ ስትበር ይሰማ ነበር፤ እሷም ሰምታ ቆመች።

«ዩኒቨርሲቲ አስገብተው ድስት ያሳጥቡታል?» አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

«ቅጣት ነው» አሉ ቄስ ሞገስ። «የማውቀው ነገር ነው። እኔ የአብነት ተማሪ ሳለሁ ዜማው ሲጠፋኝ የኔታ እንጨት ያስለቅሙኝ ነበር። ምን ብታጠፋ ነው፣ ልጄ? ለእኔ ንገረኝ፤ የንስሐ አባትህ ነኝ።»

«ምንም አላጠፋሁም!»

«ገና አላመነም» አሉ ቄሱ ለአባቴ፣ በሐዘኔታ። «ጊዜ እንስጠው።»

ያንን ሁሉ ያስረዳሁት ከንቱ ቀረ። ይባስ ብሎ አስረድቼ ስወጣ እኔም ተጠራጠርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ፣ ምናልባት በእርግጥ አጥፍቼ ይሆን? ወይዘሮ ሰብለ ባለፈው የተናገሩት ነገር…ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ስመለስ ትንሽ ተጠንቅቄ ሰላም አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የሚሽቆጠቆጠው?» ብለው እቃ ቤቱን ፈተሹ።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። መምህር ዮናስ የመጀመሪያው የተግባር ፈተናዬ ማክሰኞ እንደሆነ ነገረኝ፤ ርዕሱ «ቅሬታ ያለውን እንግዳ ማስተናገድ»። እንግዳውን ተቀብሎ፣ አዳምጦ፣ አስቀምጦ፣ አብልቶ፣ ደስ አሰኝቶ መሸኘት። ይህን ካላለፍኩ ሎጁ እንደማያስቀጥለኝ ወይዘሮ ሰብለ አስቀድመው ነግረውኛል። ችግሩ ሎጁ ውስጥ እንግዳ የለም። ዘመኑ የእንግዳ ዘመን አይደለም፤ ያሉትም ሁለት ፈረንጆች ጭላዳ ሊያዩ በጠዋት ወጥተዋል፣ ቅሬታም የላቸውም። ስለዚህ የተቆጣ እንግዳ ሆነው የሚተውኑ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። መምህሩ ወይዘሮ ሰብለ ያመጣሉ ብሎ ተማምኗል። ወይዘሮ ሰብለ መምህሩ ያመጣል ብለው ተማምነዋል። እኔ በእግዚአብሔር ተማምኛለሁ።

በሩ ሲንኳኳ ሽርጤን አስተካክዬ፣ ፈገግታዬን ለብሼ ከፈትኩ። ቄስ ሞገስ፣ አባቴና አያ ጥጋቡ ቆመዋል። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ።

«አባባ! ምን ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ዞር በል» አሉ አባቴ። «የመጣነው ወዳንተ አይደለም።»

«ግሩም!» አለ መምህር ዮናስ ከጥግ። «ገና ከበሩ ተቆጥተው!»

«መምህር፣ አባቴ ናቸው እኮ!»

«ጥሩ፤ እንግዳን እንደ አባት ቆጥረህ አስተናግድ፤ እንዲያ ነው!» ብሎ ጻፈ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጀመሪያ ላይ ሰምታችኋል፤ ይቅር ይበሉት፣ ምኑን፣ ያጠፋውን፣ አላጠፋም፣ ለምን ድስት። እንደ ወፍጮ እዚያው ይዞራል። በየዙሩ መምህሩ «የመጀመሪያው እርምጃ ምን ነበር?» ይለኛል፤ «ማዳመጥ» እላለሁ፤ አባቴም «አዳምጥ እንጂ ታዲያ!» ይላሉ። «ሁለተኛውስ?» «ማስቀመጥ።» «አንቀመጥም!» ይላሉ ሦስቱም አንድ ላይ። ምድጃው ውስጥ የጽድ እንጨት ይንቦገቦጋል፣ ከማእድ ቤት የቀይ ወጥ ሽታ ይመጣል፣ አያ ጥጋቡ ሽታው በመጣ ቁጥር አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ቄሱ ያያሉ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሰብለ ተሸነፉ። «እሺ፤ እንዳላችሁት! ይቅር ብዬዋለሁ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልን!» ሦስቱ ባንድነት ቁጭ አሉ። አያ ጥጋቡ እንዲያውም ወንበሩን ሳያዩ ነው የተቀመጡት። ከቄስ ሞገስ ጀምሬ እጅ አስታጠብኩ፣ ምግቡን አቀረብኩ፣ ቄሱ ባረኩ። መምህሩ ደስታው ወደር አጣ። ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ እፎይ ስል፣ አባቴ ገና ሳይቆርሱ፣

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ድስት የለም» አሉ።

«እንዴት የለም?» አሉ ወይዘሮ ሰብለ። «ድስት ከሌለማ ዲግሪም የለም!»

«ይቅር ብለውት የለም እንዴ?»

«ይቅር ያልኩት ምንም ስላላደረገ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ብድግ አሉ። አያ ጥጋቡ ጎርሰዋል። ለልመና የቆመ ሽማግሌ አይበላም፤ የገባ ጉርሻ ግን ይዋጣል ወይስ ይተፋል? ይህን አባቶቻችን አልነገሩንም። ጉንጫቸውን እንደነፉ ቄሱን በዓይናቸው ይጠይቃሉ።

«ልጄ» አሉ አባቴ፣ አሁን ለእኔ። ድምፃቸው ዝግ ብሏል። «እዚያ ማዶ ያለው ቦታህ ገና አልተዘጋም አሉ፤ ደርሶን አስጠይቄዋለሁ። ዕቃህን ያዝ። ነገ በጎንደር ትሄዳለህ። በትክክለኛው በኩል።»

ይህ የተግባር ፈተናው ውስጥ አልነበረም። መምህሩ ግን አሁንም ይጽፋል።

«አልሄድም፣ አባባ።»

በሕይወቴ ለአባቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እሳቸውም ሰምተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ያልሰሙ መሰላቸው።

«ምን አልክ?»

«አልሄድም። የደርሶ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ነው። የእኔ ይኸው ድስት ላይ ቢሆን ምናለ? መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፣ ተማሪ ልሁን ሠራተኛ እንኳ በደንብ አላውቅም፤ ግን አጥፍቼ አይደለም። ወድጄ ነው።»

«ድስት ያጠበ ሁሉ ዲግሪ ካገኘ» አሉ አባቴ፣ «እናትህ ፕሮፌሰር ናት!»

ማንም አልሳቀም። አያ ጥጋቡ ሊስቁ ነበር፤ አፋቸው ሙሉ ነው።

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ቄስ ሞገስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔኮ» አሉ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገር ሰው፣ «የኔታ እንጨት ያስለቅሙኝ ነበር። ውሃም ያስቀዱኝ ነበር። ይኸን ሁሉ ዘመን ዜማው ስለጠፋኝ ነው እል ነበር።»

«አይደለም እንዴ?» አሉ አባቴ።

«እንጃ። አሁን ሳስበው…ዜማው ያልጠፋበትም ይለቅም ነበር።»

አያ ጥጋቡ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥረው ዋጡና ተቀመጡ። አባቴ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው ሞልቷል። «ጭሱ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ምድጃው ጭስ አልነበረውም።

መምህር ዮናስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ወይዘሮ ሰብለ ጠጋ አለ። «እንባው ሳይቀር! እነዚህን ሰዎች ከየት ነው ያገኟቸው?»

«እኔ? አንተ ያመጣሃቸው አይደሉም እንዴ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አባቴ ናቸው ብዬ ነበር እኮ» አልኩ። መምህሩ የጻፈውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያም ብድግ ብሎ ለአባቴ እጅ ነሣ። «ይቅርታ፣ አባት። ልጅዎ…አልፏል» አላቸው።

«አልፏል?»

«አልፏል።»

«ድስቱንም?»

አባቴ መልስ አልጠበቁም። እኔን አልፈው፣ ወይዘሮ ሰብለን አልፈው፣ ሽታውን ተከትለው ከማእድ ቤቱ አጠገብ ያለው እቃ ቤት ገቡ። ተከተልኳቸው። ጠዋት የፈተግኳቸው ድስቶች ተደርድረዋል። አባቴ ሁሉንም በዓይናቸው ቆጠሩ፣ ትልቁን መርጠው አነሱ፣ ገለበጡት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው ቂጡን አዩ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ጫፉ ላይ አሳለፉና ወደ ፊቴ ዘረጉት። ጥቁር ነበር።

«እናትህ ይህን አታሳልፍም ነበር።»

«አዎ፣ አባባ።»

«አንተ የተማርከው ይህን ከሆነ፣ አልተማርከውም።» ድስቱን ደረቴ ላይ አስታቀፉኝ፤ ነጠላቸውን አጣፉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ድገመው» አሉ።

ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።